የደባርቅ ገበታ ከፓርኩ በፊት

ስለ ስሜን ተራሮች ሲወራ «የት ይበላል? ምን ይጠጣል?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሎጅ ወይም ከአንድ ካምፕ ስም አያልፍም። በዚህ ምክንያት በአካባቢው እንግዳን ማብላትና ማጠጣት ከፓርኩ ጋር አብሮ የተወለደ ሥራ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የደባርቅን ገበታ ያቆሙት ሁለት ነገሮች፣ የሊማሊሞ መንገድና የደጋው ገብስ፣ ከዚያ እጅግ ይቀድማሉ።

ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚያመራ የሲራራ ነጋዴ ተከዜን ተሻግሮ ሊማሊሞን መውጣት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። አፋፉ ላይ የደረሰ ሰውና አጋሰስ ማረፍ፣ መብላትና መጠጣት አለበት፤ ደባርቅም ያለችው እዚያው አጠገብ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ ሲያወጣ፣ በበቅሎው ቦታ የጭነት መኪና ተተካ። ቁልቁለቱን ለመጀመር የሚዘጋጅ ሾፌርና ረዳቱ የሚሹት ግን ያው ትኩስ ምግብና ማደሪያ ነበር።

ገበታውን ራሱን ብንመረምር ማስረጃው ይበልጥ ይጠነክራል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ብርድ ጤፍ እንደ ልብ አይሆንም፤ ቡናና በርበሬም የሚመጡት ዝቅ ካለው አገር ነው። ጨው በአሞሌ መልክ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ፣ ትግራይን አቋርጦ በነጋዴ ጀርባና በአጋሰስ ይደርስ ነበር። ስለዚህ እንጀራው፣ ወጡና ቡናው የገበያና የመንገድ ሥራ ናቸው። የተራራው የራሱ ሀብት ገብሱ ነው፤ ባቄላው፣ አተሩና ተልባውም ይከተሉታል። ገብስ ከ3,000 ሜትር በላይም ይበቅላል፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ቂጣ፣ ቅንጬና ገንፎ ይሆናል። በሶ እሳት ሳያስፈልገው በውኃ ብቻ ስለሚበጠበጥ ወይም ስለሚጨበጥ፣ ለእረኛም ለነጋዴም የታመነ ስንቅ ነው። ጠላውም ከዚያው ከገብስ ይወጣል፤ ብቅሉ፣ እንኩሮውና ጌሾው ተጠንስሰው፣ ተደፍድፈው እስኪጠልሉ ድረስ ቀናት የሚፈጅ የሴቶች ሙያ ነው። ይህን ሙያ ፓርክም ሆነ ቱሪስት አላስተማራቸውም።

«ጥንት እንግዳ በነፃ ይስተናገድ ነበር እንጂ የሚሸጥ ምግብ መቼ ነበር?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም መመለስ ነውር ነበር። ነገር ግን ነፃ የሚባለው መስተንግዶ ዋጋው ገበሬው ላይ ያርፍ ነበር። ገዥዎች ለሚያስተናግዱት የባዕድ አገር እንግዳ ድርጎ እንዲሰጠው ሲያዙ፣ እንጀራውን፣ ማሩንና በጉን የሚያዋጣው በመንገዱ ዳር ያለው ባላገር ነበር። በኔ አስተያየት፣ ጠላ ቤትና ምግብ ቤት መከፈቱ የእንግዳ ፍቅር መቀዝቀዝ አይደለም፤ የምታበላው ሴት የድካሟን ዋጋ መቀበል የጀመረችበት ለውጥ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ስለ ዋልያ የሚነሣው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የዋልያው መመናመን፣ እርሻውና ግጦሹ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። እኔ የማወድሰው ገብስ የዋልያን መኖሪያ ማጥበቡን መካድ አይቻልም። ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ማረስ አፈሩንም እንደሚያሳጣ የታወቀ ነው። ሆኖም ለዋልያው ሲባል ትልቁን መሥዋዕት የከፈለው ገበሬው ነው። በፓርኩ እምብርት የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። መሬቱን የለቀቀ ሰው ሊተርፈው የሚችለው ሙያውና ገበያው ነው፤ ጎብኚው በከተማዋ ሳይበላ ሳይጠጣ ካለፈ ግን ያም ይቀርበታል።

ስለዚህ ወደ ስሜን የምትሄዱ ሁሉ፣ ስንቃችሁን ከአዲስ አበባ በቆርቆሮ አሽጋችሁ አትውጡ። በሶውንና ቆሎውን ከደባርቅ ገበያ ግዙ፤ በፍስክ ቀን ቅንጬውን በቅቤ፣ በጾም ቀን ሽሮውን እዘዙ፤ ጠላውንም ከጠመቀችው ሴት ቤት ገብታችሁ ጠጡ፣ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ።