ወንዝ የሚዘጋበት ወራት

የኢትዮጵያ ሰው ክረምት ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉሙ እስከ ደጅ ወርዶ፣ ወንዙ ደፍርሶና ሞልቶ መንገደኛውን ከማዶ የሚያቆምበት ጊዜ ነው፤ የእንግሊዝ አገር ሰው ግን ክረምት የሚለው የእኛን ታኅሣሥና ጥር ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ሜዳው በአመዳይ ነጥቶ፣ ፀሐይም ብቅ ብላ ሳትሞቅ የምትጠልቅበት ወራት ነው። በዚያ ወራት በወንዝ ዳር የሚያልፍ ሰው ውሃው ሕይወት የተለየው ይመስለዋል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በወንዙ ውስጥ ከሚሆነው ነገር ሁሉ የሚበልጠው የሚፈጸመው በዚሁ ወራት፣ ከውሃው ሥር በተነጠፈው ኮረት ላይ ነው።

ትራውት የሚባለው ዓሣ ጎኑ በጥቁርና በቀይ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ከቀዝቃዛና ከጥሩ ውሃ በቀር የማይስማማው ፍጥረት ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት፣ እንስቲቱ ውሃው ሳሳ ብሎ ፈጠን ወደሚልበት ስፍራ ወጥታ በጎኗ ትጋደምና ጭራዋን ደጋግማ በማራገብ ኮረቱን እየገፋች ጎድጓዳ ስፍራ ታበጃለች፤ እንቁላሏን በዚያ ስትጥል ወንዱ ከጎኗ ሆኖ ዘሩን ያፈስበታል፤ ከዚያም ጥቂት ወደ ላይ ከፍ ብላ ሌላ ጉድጓድ ስትምስ፣ የምትገፋው ጠጠር በውሃው ተወስዶ የፊተኛውን እንቁላል ይሸፍነዋል። እንቁላሉ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ቀለሙም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነው። ውሃው አሥር ዲግሪ ያህል ሲሆን ለመፈልፈል አንድ ወር ተኩል ይፈጅበታል፤ ብርዱ ሲጠና ግን ሦስት ወርና ከዚያም የበለጠ ይቆያል። ይህን ሁሉ ጊዜ ከላይ የሚታይ ምልክት እምብዛም ስለሌለው፣ ወንዙን በቦቲ ጫማ የሚሻገር ሰው ምንም ሳያውቀው የብዙ መቶ ዓሣ ዘር ረግጦ ያልፋል።

የእንግሊዝ ነገሥታት ይህን ምሥጢር እንደ ዛሬ ሊቃውንት ጠንቅቀው ባያውቁትም፣ ዓሣ በሚወልድበት ወራት ከሰው እጅ ሊጠበቅ እንደሚገባው የተረዱት እጅግ አስቀድመው ነው። (ከዚህ በታች ያለ ሌላ ምልክት የተጻፈው ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1285 ባወጡት በሁለተኛው የዌስትሚንስተር ሕግ፣ በ47ኛው ምዕራፍ፣ በሐምበር፣ በኡዝ፣ በትሬንትና በሌሎችም ወንዞች የትራውት ታላቅ ዘመድ የሆነው ሳልሞን ከእመቤታችን የልደት በዓል ጀምሮ እስከ ቅዱስ ማርቲን ቀን ድረስ እንዳይጠመድ ተደነገገ፤ ጫጩቱም በወፍጮ ኩሬዎች ውስጥ ከኤፕሪል እኩሌታ እስከ መጥምቁ ዮሐንስ ልደት ድረስ በመረብም ሆነ በሌላ መሣሪያ እንዳይያዝ ተከለከለ። ሕጉን የተላለፈ ሰው በመጀመሪያው ጥፋቱ መረቡና መሣሪያው ይቃጠልበታል፤ በሁለተኛው ሦስት ወር፣ በሦስተኛው አንድ ዓመት ይታሰራል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ሕግ አውጪዎቹ የወንዙን መዘጊያና መከፈቻ የለኩት በቀን ቁጥር ሳይሆን በበዓላት ነውና። ባላገሩ ፊደል ባይቆጥርም ደወል ይሰማ ነበር፤ መረቡን መቼ እንደሚሰቅል፣ መቼም እንደሚያወርድ የሚያስታውቀው የደብሩ ቄስ ነበር። የዚያ ዘመን እንግሊዝ የሚቆጥረው በዩልዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ቀኖቹን ከእኛ ባሕረ ሐሳብ ጋር ያስተያየ ሰው የጫጩቱ እገዳ የሚነሣበት የዮሐንስ ልደት ሰኔ 30፣ እኛም በምናከብርበት በዚያው ዕለት ሲውል ያገኘዋል፤ የሳልሞኑ እገዳ የሚያበቃበት የቅዱስ ማርቲን ቀን ደግሞ ኅዳር 15 ላይ ይውላል። ይህም በእኛ ዘንድ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ቀን ነው። እዚያ የዓሣው ሱባዔ ሲፈታ፣ እዚህ የሰው ጾም ይገባ ነበር ማለት ነው።

ትራውት ራሱ በስሙ ተጠርቶ የመጠን ድንጋጌ የወጣለት ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1558 ከነገሠች በኋላ፣ በመንግሥቷ የመጀመሪያ ዓመት ነው። በዚያ ሕግ ርዝመቱ ከስምንት ኢንች ያነሰ ትራውት፣ ከዐሥራ ስድስት ኢንች ያነሰም ሳልሞን እንዳይያዝ ተወሰነ፤ የመረቡ ዓይንም ሁለት ኢንች ተኩል እንዲሰፋ ታዘዘ። ስምንት ኢንች ማለት በጎልማሳ እጅ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ዳኛው በሌለበት ወንዝ ዳር እያንዳንዱ ሰው ሕጉን በገዛ እጁ ሊለካው መቻሉን እጅግ አደንቃለሁ።

ይሁን እንጂ ሕግ መኖሩና መጠበቁ ሁለት ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድቡ፣ የፋብሪካው እድፍና የከተማው ፍሳሽ ወንዞቹን ስላበላሹአቸው፣ ነገሩን የሚመረምር ንጉሣዊ ጉባኤ ተቋቁሞ በ1861 አዲስ የሳልሞን ሕግ ታወጀ፤ ተቆጣጣሪዎችም ተሾሙ። በዚህ ዓይነት ሕግ በሕግ ላይ እየተደረበ ሲሄድ ቆይቶ፣ በ1975 የወጣው ድንጋጌ በተለይ ሌላ ደንብ ካልተሠራ በስተቀር የአገሩን ትራውት በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድን ከመስከረም 20 ማግስት ጀምሮ እስከ የካቲት 22 ድረስ ዘጋ። በእነዚያ ወራት እጁ ሥራ የፈታበት አጥማጅ በበልግ ወደሚወልደው ግሬይሊንግ ወደተባለው ዓሣ ይመለሳል፤ በብርዱ ቀን ክሩ በዘንጉ ቀለበት ላይ በረዶ እየሠራ ሲያስቸግረው በትንፋሹ እያሟሟ ይቆማል።

ወንዙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከወራቱ ጥያቄ ይልቅ ብዙ ሰው አስቀይሟል። በ1215 ንጉሥ ዮሐንስ በማኅተማቸው ያጸደቁት ታላቁ ቻርተር፣ ማግና ካርታ፣ በቴምዝና በሜድዌይ ወንዞች ላይ የተሠሩት የዓሣ ማገጃ አጥሮች ሁሉ እንዲፈርሱ አዘዘ፤ ዋና ዓላማው ግን የጀልባውን መንገድ መክፈት ነበር። የባሕር ማዕበል የማይደርስበት ወንዝ የማጥመድ መብት የባለ ርስቱ ሆኖ ቀረ፤ ሁለቱን ዳር ሁለት ሰዎች ቢይዙት የእያንዳንዱ መብት እስከ ውሃው መካከል ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በ1822 በስቶክብሪጅ የተመሠረተውን የሃውተን ማኅበር የመሰሉ ጥቂት ሰዎች ቴስት የተባለውን የጠራ ወንዝ በጥንቃቄ ሲጠብቁት፣ በዚያው መንደር ያደገ ድኻ ግን ዓሣውን ከድልድይ ላይ ሆኖ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። ወንዙ የዳነው በከፊል በእነዚህ ሰዎች ጥበቃ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ዘሩን የሚጠብቀው ሕግና ደጁን የሚዘጋው ሕግ አንድ ተደርገው መታየታቸው ለብዙ ዘመን ድኻው ሁለቱንም እንዲጠላ አድርጎታል።

ከዚያ ወዲያ ትራውት ከአገሩ ወጣ። ጄምስ ዩል የተባለ ሰው የሳልሞንና የትራውት እንቁላል በእርጥብ የድንጋይ ሽበት ጠቅልሎ፣ በሳጥን አድርጎ፣ በበረዶ መካከል አስቀምጦ በ1864 ኖርፎክ በተባለች መርከብ ወደ አውስትራልያ ላከ። እንቁላሉ የምድር ወገብን ሙቀት ተሻግሮ ታዝማንያ በደረሰ ጊዜ በቁጥር የበዛው ሳልሞን ተፈልፍሎ ወደ ባሕር ቢወርድም ሳይመለስ ቀረ፤ በቁጥር እጅግ ያነሰው ትራውት ግን ተባዛ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ኬንያ ተራሮች መጣ፤ ከኬንያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መገባደጃ ግድም ወደ ባሌ ተጓዘና በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። ከኤድዋርድ ቀዳማዊ ሕግ ጋር ያደገው ዓሣ ዛሬ በዲንሾ አጠገብ፣ ፈረሰኛው ጋቢውን ተከናንቦ በሚሻገረው ውሃ ውስጥ ይኖራል።

በእኛ አገር ግን ክረምቱን ጠብቆ ወንዝ የሚወጣ የራሳችን ዓሣ አለን። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ዐሥራ አምስቱን ትልልቅ ወገኖች ለይተው የጻፉት የሆላንድ ሊቃውንት፣ በ1997 ከእነርሱ ለአንዱ መልኩን አይተው ትሩቲፎርሚስ፣ ማለት ትራውት መሰል፣ የሚል ስም አወጡለት። ይህና ሌሎችም ወገኖች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ወራት ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ እየገቡ፣ ጭቃውን ውሃ ቀዝፈው፣ በገባሮቹ ጠጠር ላይ ይወልዳሉ። ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ባጠመዱበት ዘመን ሐይቁ ለሁሉም በቅቶ ነበር፤ በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ ግን፣ ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዐሥር ዓመታት ውስጥ በገበያው መረብ የሚያዘው የእነዚህ ዓሦች ክብደት ሦስት አራተኛው ጎደለ። ለአገራችን ዓሣ የወጣው አዋጅ፣ ቁጥር 315፣ የታወጀው በእኛ አቆጣጠር በ1995 ነው። የነሐሴ ሌሊት በጉማራ አፍ ላይ መረቡ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ያድራል፤ ሲነጋ ይጎተታል፤ እንስቲቱን ዓሣ ከመረቡ ዓይን ለማላቀቅ ሆዷን ጫን ያደረገ አጥማጅ እንቁላሉ ቢጫ ሆኖ በጣቶቹ መካከል ሲፈስ ያየዋል።