የብረት ቅርጽና የእጅ ጥበብ፦ የመኪና ዳይ ባለሙያዎች ታሪክ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ብሂል ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ እውነት ነው። አንጥረኛው ብረቱን በፍም አግሎ፣ በመዶሻ እየመታ፣ ሳይቀዘቅዝበት የፈለገውን ቅርጽ ያሲዘዋል። የሃያኛው መቶ ዓመት ኢንዱስትሪ ግን ይህን ጥንታዊ ሕግ በአንድ በኩል ሻረው። በመኪና ፋብሪካ ውስጥ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ላሜራ፣ እሳት ሳይነካው በቀዝቃዛነቱ እንዳለ፣ ከከባድ ፕሬስ ሥር ገብቶ በአንድ ግፊት የበር ወይም የጣራ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ይህን የሚመለከት ሰው ሥራውን የሠራው ፕሬሱ ይመስለዋል። ፕሬሱ ግን ጉልበት እንጂ ዕውቀት የለውም። ቅርጹ የሚገኘው በፕሬሱ መንጋጋ መካከል በሚገባው፣ ዳይ በሚባለው የብረት ማተሚያ ላይ ነው። ዳዩን ደግሞ የሚሠራው፣ የሚያርመውና ሲታመምም የሚያድነው ሰው አለ።

ይህ ሰው በመኪና ታሪክ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም። መኪናው የሚጠራው በኩባንያው መሥራች ስም ነው፤ ውበቱም የሚመሰገነው በነዳፊው ነው። ይሁን እንጂ የመኪና አካል አሠራር ታሪክ ሲመረመር በየመታጠፊያው ላይ ቆሞ የሚገኘው የዳይ ባለሙያው ነው። ለመሆኑ የቅርጹ ባለቤት ማን ነው? ፕሬሱን የገዛው ወይስ ቅርጹን ለብረቱ ያስያዘው እጅ? ይህ ጥያቄ ባለፈው መቶ ዓመት በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን በየተራ ተነሥቶ፣ በየቦታው የተለያየ መልስ አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጨት ወደ ብረት

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አካል የሠረገላ ሠሪዎች ሥራ ነበር። አጽሙ እንጨት ሲሆን፣ በላዩ ላይ በመዶሻ የተገራ ላሜራ ይለበጥበት ነበር። ዛሬ በጋራዥ ባትላሜራ የሚባለው ሠራተኛ የተጨረማመተ መከላከያ ሲያቃና የሚጠቀምበት ጥበብ፣ ያን ጊዜ መኪናውን ከመነሻው ለመሥራት የሚያገለግል ዋና ሙያ ነበር። እንጨቱ ይጣመማል፣ ይበሰብሳል፣ ይነዳል። በእሳት ማድረቅ ስለማይቻልም በላዩ የሚደራረበው ቀለም እስኪደርቅ ድረስ መኪናው ለሳምንታት ያለ ሥራ ይቀመጥ ነበር።

ይህን አሠራር ከለወጡት ሰዎች መካከል ቀዳሚው በ1912 ፊላደልፊያ ውስጥ ኩባንያ ያቋቋመው ኤድዋርድ በድ ነው። አብሮት የሠራው ጆሴፍ ሌድዊንካ በቪየና የተወለደ መሐንዲስ ነበር። እነዚህ ሰዎች የመኪናውን አካል ያለ እንጨት አጽም፣ በፕሬስ ከተቀረጹ የላሜራ ክፍሎች ብቻ ገጣጥሞና በይዶ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በ1914 የዶጅ ወንድማማቾች 5,000 ሙሉ የብረት አካሎችን እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ብረቱ የምድጃን ሙቀት ስለሚችል ቀለሙ በሳምንታት ፈንታ በሰዓታት የሚደርቅበት መንገድ ተከፈተ። አሥር ዓመት ሳይቆይም ዘዴው ውቅያኖስን ተሻገረ። አንድሬ ሲትሮየን በ1924 ሙሉ አካሉ ብረት የሆነ መኪና በፓሪስ አቀረበ፤ በ1926 ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ አጠገብ በምትገኘው በካውሊ፣ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ኩባንያ ተቋቋመ።

ለውጡ የዕቃ ለውጥ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ በብዙ መቶ መዶሻዎች ተበታትኖ የነበረው ጥበብ አሁን በጥቂት ዳዮች ውስጥ ተጠቃለለ። መዶሻ የያዘው ሁሉ ቅርጽ አዋቂ መሆኑ ቀርቶ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ላሜራ ወደ ፕሬስ የሚያጎርስና የታተመውን የሚያነሣ ሆነ። የቅርጹ ዕውቀት ግን አልጠፋም። ከፋብሪካው ጥግ ባለው የዳይ ቤት ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ተከማቸ።

የዳይ ቤት ሥራ

ዳይ ሲባል አንድ ብረት አይደለም። የመኪና በርን ወይም ክዳንን የመሰለ ጥልቀት ያለው ቅርጽ ለማውጣት ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ገፊው ወንዴ፣ ተቀባዩ ሴቴ፣ እንዲሁም የላሜራውን ዳር ዙሪያውን ጨምቆ የሚይዘው ቀለበት ናቸው። የሥራው ምስጢር ያለው በዚህ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ላልቶ ከያዘ ላሜራው ሳይወጠር ስለሚገባ እንደ ጨርቅ ይጨማደዳል፤ አጥብቆ ከያዘ ደግሞ መፍሰስ ያቅተውና ይቀደዳል። ባለሙያው በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ከዚህም በላይ ብረት የቀድሞ ቅርጹን አይረሳም። ፕሬሱ ሲለቀው ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ዳዩ የሚሠራው የሚፈለገውን ቅርጽ መስሎ ሳይሆን፣ ብረቱ ከተመለሰ በኋላ በሚፈለገው ቅርጽ ላይ እንዲያርፍ ታስቦ ነው።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በነበረው አሠራር፣ በነዳፊው የታሰበው ቅርጽ በመጀመሪያ ከጭቃ፣ ቀጥሎም ከጠንካራ እንጨት ይሠራ ነበር። ኬለር የሚባለው መሣሪያ የእንጨቱን ቅርጽ በጣቱ እየዳሰሰ በብረቱ ላይ ይገለብጠዋል። መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ ግን ብረቱ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኖ ይቀራል። የእጅ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ባለሙያው በሞረድ፣ በመፋቂያና በማለስለሻ ድንጋይ ትልሙን ያጠፋል። በአንደኛው ፊት ላይ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ይቀባና ሁለቱን ያጋጥማቸዋል። ሲለያዩ ቀለሙ የት እንደ ተላለፈና የት እንዳልደረሰ አይቶ፣ ከፍ ያለውን ይፍቃል፤ እንደገና ያጋጥማል፤ እንደገና ይፍቃል። በመጨረሻም የታተመውን ላሜራ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ዐይን የማያየውን ጉድጓድ መዳፍ ያገኘዋልና።

የአንጥረኛ ስሕተት በአንዲት ማረሻ ላይ ይቀራል፤ የዳይ ባለሙያ ስሕተት ግን በመቶ ሺህ በሮች ላይ ይታተማል። የሙያው ክብርም ጭንቀቱም ከዚህ የመጣ ነው።

የወቅት ሥራና የወቅት ረሃብ

ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጄኔራል ሞተርስ የመኪናዎቹን መልክ በየዓመቱ የመለወጥን ልማድ አስፋፋ። በ1927 በሃርሊ ኧርል የሚመራ የመልክና የቀለም ክፍል አቋቋመ። በዚያው ዓመት ፎርድ ሞዴል ቲን አቁሞ ወደ ሞዴል ኤ ለመሸጋገር ፋብሪካዎቹን ለወራት ዘጋ። አዲስ መልክ ማለት አዲስ ዳይ ማለት ስለሆነ ዲትሮይት የዳይ ባለሙያዎችን አጥብቃ ፈለገች። በዚያን ጊዜ ከዌስት ቨርጂኒያ መጥተው ከተቀጠሩት መካከል ዋልተር ሩተር የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ይገኝበት ነበር።

የየዓመቱ ለውጥ ለባለሙያው በረከትም መርገምም ነበር። አዲሱ መልክ በሚዘጋጅባቸው ወራት ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ይሰናበታል። ኢኮኖሚው በ1929 ከወደቀ በኋላ ይህ ኑሮ የማይቻል ሆነ። በ1933 በፍሊንት፣ በፖንቲያክና በዲትሮይት የሚገኙ የመሣሪያና የዳይ ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ሥራ አቆሙ።

በዚያው ዓመት ሩተር ከወንድሙ ከቪክተር ጋር ወደ ሶቪየት ኅብረት አቀና። የሶቪየት መንግሥት በ1929 ከፎርድ ጋር በተዋዋለው መሠረት፣ የሞዴል ኤ መኪና በጎርኪ ከተማ ይሠራ ነበር። ከተማዋ በ1990 ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተመልሳለች። መሣሪያው ከአሜሪካ በመርከብ ተጭኖ ደርሶ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን በሣጥን ታሽጎ የሚላክ ዕቃ አልነበረም። ከእርሻ በቀጥታ ወደ ፋብሪካ የመጡትን ወጣቶች አጠገባቸው ቆሞ የሚያሳይ ሰው አስፈለገ። ሁለቱ ወንድማማቾችም ከብዙ አገር ከመጡ ባለሙያዎች ጋር እስከ 1935 ድረስ በመሣሪያ ክፍሉ ሠርተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጎርኪ ልምድ ያሳየው፣ ዳይ የገዛ ሁሉ ቅርጹን ገዛ ማለት እንዳልሆነ ነው።

በፍሊንት የባቡር ሐዲድ ላይ

የዳይ ትርጉም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ1936 መጨረሻ ላይ ነበር። የጄኔራል ሞተርስ አብዛኞቹ የመኪና አካሎች የሚታተሙባቸው ዋና ዋና ዳዮች በሁለት የፊሸር ቦዲ ፋብሪካዎች፣ ማለትም በክሊቭላንድና በፍሊንት ቁጥር 1 ተከማችተው ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን የክሊቭላንድ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከሁለት ቀን በኋላ በፍሊንት ሠራተኞቹ አንድ ነገር ተመለከቱ፤ ዳዮቹ በባቡር ፉርጎ ላይ እየተጫኑ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የዳይ ባለሙያ መሆን አላስፈለጋቸውም። ከእነርሱ አብዛኞቹ በፕሬስና በመገጣጠሚያ መስመር ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ዳዩ ከሄደ ሥራው እንደሚሄድ፣ ሥራው ከሄደ አድማቸውም ከንቱ እንደሚሆን ግን ዐወቁ። በመሆኑም ከግቢው ወጥተው በር ላይ በመሰለፍ ፈንታ፣ ወደ ውስጥ ተመልሰው ከመሣሪያዎቹ አጠገብ ተቀመጡ። ዳዮቹ አልወጡም። ኩባንያው ማኅበሩን በአባላቱ ስም ለመደራደር የተቀበለው ከ44 ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1937 ነው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የዳይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተራቸው ደረሰ። ማኅበሩ በውስጡ ተከፋፍሎ፣ የአባላቱም ቁጥር ቀንሶ በነበረበት በ1939 ክረምት፣ በማኅበሩ ውስጥ የጄኔራል ሞተርስን ጉዳይ ይመራ የነበረው ሩተር ሠራተኛውን ሁሉ ለአድማ አልጠራም። በጁላይ ወር የ1940ን መኪናዎች ዳይ የሚያዘጋጁትን ባለሙያዎች ብቻ ጠራ። የቀረው ሠራተኛ በአድማው አልተካፈለም፤ የመጪው ዓመት መኪና ግን ገና ሳይወለድ ቆመ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ኩባንያው ከማኅበሩ ጋር ተስማማ። ጥቂት ሺህ ሰዎች ግዙፉን ኩባንያ ሊያስቆሙ የቻሉት በቁጥራቸው ብዛት ሳይሆን በእጃቸው ባለው ዕውቀት ነበር።

የጠፋው ብሎን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥያቄው በጃፓን በሌላ መልክ ተነሣ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ገበያቸው ሰፊ ስለነበር አንድ ዳይ በአንድ ፕሬስ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊያቆዩ ይችሉ ነበር። የጃፓን ገበያ ግን ጠባብ ነበር፤ ጥቂት በር፣ ጥቂት ጣራ እያፈራረቁ ማተም ግድ ሆነ። ዳይ መለወጥ ደግሞ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

በ1950 ሺጌዎ ሺንጎ የሚባል መሐንዲስ ማዝዳ መኪናዎችን በሚሠራው በሂሮሺማው ቶዮ ኮግዮ ፋብሪካ የዳይ ለውጥን ቆሞ ተመለከተ። ሺንጎ ራሱ እንደ ተረከው፣ ዳዩን የሚያስረው አንድ ብሎን ጠፍቶ ሠራተኛው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈልገው ቆየ፤ ግዙፉ ፕሬስም ያለ ሥራ ጠበቀው። ሺንጎ ከዚህ ተነሥቶ የዳይ ለውጥን ሥራ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ፕሬሱ ቆሞ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው ፕሬሱ ሌላ ሥራ ሲሠራ አስቀድሞ ሊዘጋጅ የሚችል ነው። በ1969 በቶዮታ ፋብሪካ በባለ 1,000 ቶን ፕሬስ ላይ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ለውጥ መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ በኋላም ወደ 3 ደቂቃ ወረደ።

የዚህ ውጤት ምንጭ አዲስ መኪና ወይም አዲስ ፕሬስ አልነበረም። ብሎኑ በቦታው መኖሩ፣ የዳዮቹ ቁመት እኩል መደረጉ፣ መሣሪያው አስቀድሞ መቅረቡ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያውቀውም በየቀኑ ከዳዩ ጋር የሚውል ሰው ነው። ይሁንና የተቆጠበው ደቂቃ ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሳቶሺ ካማታ የሚባለው ጃፓናዊ ጋዜጠኛ በቶዮታ በጊዜያዊ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ያየውን በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ የፋብሪካው ፍጥነት በሠራተኛው አካል ላይ የሚያስከትለውን ድካም ገልጿል። ዕውቀቱን የሰጠው እጅ የዕውቀቱን ፍሬ ሁልጊዜ እንደማያገኝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዛሬ የእንጨቱን ሞዴል ኮምፒዩተር ተክቶታል። ላሜራው የት እንደሚጨማደድና የት እንደሚቀደድ ብረት ሳይቆረጥ በስሌት ይታያል፤ ብረቱንም በቁጥር የሚታዘዝ መሣሪያ ይቀርጸዋል። በየዓመቱ የሚፈለገው የእጅ ሥራ ቀንሷል። ነገር ግን አዲስ ዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፕሬስ ሲገባ፣ ስሌቱ ያልያዘውን ለማግኘት ሰማያዊው ቀለም አሁንም ይቀባል፤ ማለስለሻው ድንጋይ አሁንም ይነሣል፤ መዳፍም አሁንም ላሜራውን ይዳብሳል። ፕሬስ የሚያበዛው አስቀድሞ የተሰጠውን ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም የአንድ ሰው ትዕግሥትና ማስተዋል ነው። በየመንገዱ የሚያልፈው መኪና የአካሉን ፀዳል ያገኘው፣ ስሙ ካልተጻፈለት ከዚህ ሰው እጅ ነው።