አንድ ቁጥር፣ ሦስት ዕድሜ፦ የአፍጋን ቢላዋዎችን እንዴት እናንብብ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አሮጌ የአፍጋን ቢላዋ ላይ 1315 የሚል ቁጥር በዐረብኛ አኃዝ ተቀርጾ ብናይ፣ ዕድሜው ስንት ነው እንላለን?

በፈረንጆች አቆጣጠር ያነበበው ሰው «የሰባት መቶ ዓመት ቅርስ!» ብሎ ይለጥፈዋል። በጨረቃ ሂጅራ ካነበብነው ግን 1897/98 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህም አያበቃም። በአማኑላህ ኻን ዘመን (1919–1929) አፍጋኒስታን የፀሐይ ሂጅራን መጠቀም ጀመረች፤ በዚያ ስሌት 1315 ማለት 1936/37 ነው።

ታዲያ በምን እንለየው? ዕቃውን ራሱን በማየት ነው።

የኸይበር መተላለፊያ ፓሽቱኖች ይታጠቁት የነበረው ትልቁ ቢላዋ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር ይረዝማል። ጀርባው ቀጥ ያለና ወፍራም፣ ጎኑ ስስ ነው፤ ተቆርጦ ቢታይ የላቲኑን «ቲ» ፊደል ይመስላል። ይህም ብረቱ ሳይከብድ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል። የእጅ መከለያ የለውም፤ የእጀታው ከፊል አፎቱ ውስጥ ይገባል። ከእርሱ የሚያንሰው «ፔሽ ቀብዝ» ደግሞ ጫፉ ቀጭንና ሹል ነው፤ የሰንሰለት ጥሩር እንዲበሳ ታስቦ የተሠራ ነው። ስሙ የፋርስ ቢሆንም «ቀብዝ» የሚለው ቃል መያዝን ከሚያመለክተው ከዐረብኛው «ቀብድ» የመጣ ነው።

ትልቁን «የኸይበር ቢላዋ» ብለው በዓለም ያስጠሩት እንግሊዞች ናቸው። በጃንዋሪ 1842 ከካቡል ሲያፈገፍግ የተደመሰሰው ጦራቸው ከገጠሙት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነበር።

አሚር ዐብዱራሕማን ኻን (1880–1901) በካቡል «ማሺን ኻና» የተባለውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አቋቋሙ። ለመንግሥት ጦር በተሠሩ ስለቶች ላይ የፋብሪካው ማኅተምና ዓመተ ሂጅራ ይገኛል። ስለዚህ 1315 ከዚህ ማኅተም ጋር ሲገኝ ወደ 1897/98 ያመለክተናል። የመንደር አንጥረኛ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ዓመት አይጻፍበትም።

ማኅተምም ቢሆን ይኮረጃል። በድንበሩ አካባቢ የምትገኘው የደራ አደም ኸይል አንጥረኞች የእንግሊዝን ጠመንጃ ከነማኅተሙ አስመስለው በመሥራት ይታወቃሉ። ስለዚህ የጀርባው ቅርጽ፣ የእጀታው መልፋት፣ አፎቱና ማኅተሙ እርስ በርስ መስማማታቸውን ማየት ይገባል።

«ጥንታዊ የሙስሊሞች ሰይፍ» የሚል ፎቶ ሲደርሰን ሼር ከማድረጋችን በፊት «ይህ ዓመት በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብለን እንጠይቅ። ታሪካችን እውነቱ ይበቃዋል፤ የተጋነነ ዕድሜ አያስፈልገውም።

ወላሁ አዕለም።