«በደኅና ተኝተው አድረዋል»፦ የእንክብካቤ ታሪክና መዝገቦቹ



የዛሬው ርእሴ ከትምህርት ክፍላችን የተለመዱ ጉዳዮች ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ጎልማሶች በሠራተኞች እየታገዙ ስለሚኖሩባቸው አነስተኛ ቤቶችና በእነዚህ ቤቶች የሚሰጠው እንክብካቤ ጥራት በምን እንደሚታወቅ እናገራለሁ። ምሳሌዬ ብሪታንያ ናት፤ የመረጥሁበትን ምክንያት በኋላ እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከዌልስ፣ ከካርዲፍ ከተማ ልጀምር። በ1967 ኢሊ በተባለው ሆስፒታል የሠራ አንድ ረዳት ነርስ በዚያ ያየውን በደል ዘርዝሮ «ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» ለተባለው ጋዜጣ አቀረበ። ሕሙማን ይንገላታሉ፣ ለእነርሱ የመጣው ምግብ ይሰረቃል፣ አቤት የሚል ሠራተኛም ሰሚ አያገኝም የሚል ነበር የክሱ ፍሬ ነገር። በሕግ ባለሙያው በጄፍሪ ሃው፣ በኋላ የማርጋሬት ታቸር የገንዘብ ሚኒስትር በሆኑት ሰው፣ የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከክሱም አብዛኛውን እውነት ሆኖ አገኘው። ሚኒስትሩ ሪቻርድ ክሮስማን ሪፖርቱ ሳይቆራረጥ እንዲታተም ወሰኑ፤ በመጋቢት 1969 ታተመ።

ለታሪክ ተማሪ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ሐኪም ነበረው፤ አስተዳዳሪ ኮሚቴ ነበረው፤ መዝገብም ነበረው። ነገሩ ገሃድ የወጣው ግን ከእነዚህ ከአንዱም ሳይሆን በማዕረግ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ገና ከውጭ በመጣ ሠራተኛ ብዕር ነው።

ከኢሊ በኋላ መንግሥት በ1971 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ ሰዎችን ከግዙፍ ሆስፒታሎች ወደ ማኅበረሰቡ የማውጣትን አቅጣጫ ያዘ። ከ1981 ጀምሮ በዚያችው በካርዲፍ በተራ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ሠራተኞች የተመደቡባቸው ትንንሽ ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1983 ዌልስ በሙሉ ይህንኑ መንገድ ተከተለች። የኢሊ ሆስፒታል ራሱ በ1996 ተዘጋ። እርምጃው ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ጂም ማንሴልን የመሰሉ ተመራማሪዎች ቤቶቹን እየዞሩ ሲያጠኑ፣ በስፋትና በሠራተኛ ቁጥር እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች በውስጣቸው ያለው ኑሮ እጅግ ሊለያይ እንደሚችል ተገነዘቡ። በአንዱ ሰውየው ድንች ይልጣል፤ በሌላው ሠራተኛው ሲልጥ ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለቱም ቤቶች በወረቀት ላይ አንድ ናቸው።

በ2011 ደግሞ ዊንተርቦርን ቪው መጣ። ይህ በእንግሊዝ፣ በብሪስቶል አቅራቢያ የነበረ ባለ 24 አልጋ የግል ሆስፒታል ነው። አንድ ነርስ የሚፈጸመውን ግፍ ለኃላፊዎቹ አመለከተ፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አሳወቀ። ተገቢው እርምጃ አልተወሰደም። የቢቢሲው «ፓኖራማ» ጋዜጠኛ ሠራተኛ መስሎ ገብቶ በስውር ካሜራ ከቀረጸው በኋላ ግን 11 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ 6ቱ ታሰሩ። የኢሊ ሪፖርት ከታተመ 42 ዓመት አልፎ ነበር።

አሁን በእንግሊዝ የሚስፋፋው አሠራር ቤቱንና እንክብካቤውን የሚለያይ ነው። ነዋሪው እንደ ማንኛውም ተከራይ የኪራይ ውል ይኖረዋል፤ ድጋፉን ሌላ ድርጅት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የግል እንክብካቤውን ይመረምራል እንጂ ቤቱን አይመረምርም፤ ምክንያቱም ቤቱ የሰው ቤት ነው። ይህ ለነዋሪው ክብር የተሰጠ መብት መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ በውስጥ የሚሆነውን የሚያውቀው ሠራተኛው፣ ውጭ የሚወጣውም ሠራተኛው የጻፈው ብቻ ይሆናል።

ብሪታንያን የመረጥሁት በተማሪነቴ የሀገራችን ልጆች «ኬር» የሚሉትን ሥራ በዚያ ስለ ሠራሁ ነው። ሦስት ሰዎች በሚኖሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ከእነርሱ አንዱ ዕድሜያቸውን በአብዛኛው በትልቅ ሆስፒታል ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ከደረጃው ወርደው በወጥ ቤቱ በር ፊት ይቆሙ ነበር። ሻይ ይፈልጋሉ፤ አይናገሩም፤ ዝም ብለው ፈቃድ ይጠብቃሉ። ወጥ ቤቱ ደግሞ ለሌላ ነዋሪ ተብሎ በወጣ ደንብ ሌሊት ይቆለፋል። በስማቸው በተከራዩት ቤት ማለት ነው። እኔም «ገና ነው፣ ይተኙ» ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጧት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የምጽፈው «በደኅና ተኝተው አድረዋል» የሚል ነው። ነቅተዋል ብዬ ብጽፍ ሌላ ቅጽ መሙላት ይከተላል፤ ወጥ ቤቱ ለምን ተቆለፈ የሚል ጥያቄም ሊነሣ ይችላል፤ እኔ ደግሞ የስምንት ሰዓት ትምህርት ይጠብቀኛል። ክፉ ሰው የነበርሁ አይመስለኝም። በኢሊ ከነበሩትም ብዙዎቹ ራሳቸውን እንደ ጨካኝ የሚቆጥሩ አልነበሩ ይሆናል።

እንግዲህ ነገ ከእናንተ አንዱ ያንን ደብተር ቢያገኝ፣ ወራት ሙሉ የተደጋገመ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል። ያ ዓረፍተ ነገር ስለ አዛውንቱ እንቅልፍ ምንም አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ስለ ቅጹና ስለ ጸሐፊው ነው። እንዲህ ባለ መዝገብ ውስጥ እኔ ዛሬ የምፈልገው ከተለመደው ያፈነገጠችውን መስመር ነው፤ ለምሳሌ የሻይ ቅጠል አለቀ የምትለውን፣ ወይም አንድ እኅት ጠይቃ ሄደች የምትለውን።

ሥራውን ከመልቀቄ በፊት ያለቁት ደብተሮች በካርቶን ታሽገው ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሲወሰዱ ወደ መኪናው የተሸከምኋቸው እኔ ነበርሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።