የልብ ደም ቅዳዎች ጥበትና የስቴንት ብልሃት

ልብ የቀረውን አካል ሁሉ ደም እያጠጣ ለራሱ የሚደርሰውን ድርሻ የሚያገኘው ከትልቁ ደም ቅዳ ሥር ወጥተው በገጹ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን ቧንቧዎች አማካይነት ነው። እነዚህ ደም ቅዳዎች ከመነሻቸው አጠገብ ስፋታቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ቅርንጫፎች ሦስት ናቸው። በግድግዳቸው ውስጥ ስብና ካልሲየም ሲጠራቀም መተላለፊያቸው ይጠባል፤ ሕመምተኛውም ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ይሰማዋል። የጠበበው ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን ምርጫው በአመዛኙ ቀላል ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ቅርንጫፎች ሲጠቡ ግን ደረት ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ይደረግ ወይስ ከውስጥ ስቴንት ይግባ የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ በሕክምና ቋንቋ ይካሄድ እንጂ መሠረቱ ቧንቧ፣ ግፊትና የብረት ጠባይ ስለሆነ፣ የማኅበራችን አባላት ሊከታተሉት የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የመጣው ቀዶ ሕክምና ነበር። ሜሰን ሶንስ በ1958 በክሊቭላንድ የልብን ደም ቅዳዎች አንድ በአንድ በራጅ ማየት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ፣ በዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው አርጀንቲናዊው ሐኪም ረኔ ፋቫሎሮ በ1967 ከእግር የተወሰደ ደም መልስ በመቀጠል ደሙ ጥበቱን አልፎ የሚሄድበት ተለዋጭ መንገድ ሠራ። ከተበላሸው ቦታ ጋር ከመታገል ይልቅ ዙሮ ማለፍን የመረጠ ብልሃት ነው፤ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ትልቅ ፍሬ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ጥበቱን ከውስጥ የመክፈት ሐሳብ ደግሞ በ1964 በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ በቻርልስ ዶተር እጅ በእግር ደም ቅዳ ላይ ተሞከረ። ይህን ሐሳብ ወደ ልብ ያደረሰው በ1939 በድሬዝደን የተወለደው አንድሪያስ ግሩንትዚግ ነው። ግሩንትዚግ በዙሪክ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ማታ ማታ ከባለቤቱና ከረዳቶቹ ጋር በመኖሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ከቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ትናንሽ ፊኛዎች ይሠራ ነበር። ያስቸገረው የቁስ ምርጫ ነበር። የጎማ ፊኛ ሲነፋ ጠንካራውን ጥበት ትቶ ወደሚቀልለው አቅጣጫ ይነፋል። የሚያስፈልገው ግፊት ቢጨመርበትም ከተወሰነለት ስፋት የማያልፍ ፊኛ ነበር፤ ይህንንም በኬሚስትሪ ሊቁ በሃይንሪክ ሆፍ ምክር ከፒቪሲ ፕላስቲክ አገኘው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ዕድሜው 38 ዓመት የነበረ አንድ ሕመምተኛ ደረቱ ሳይከፈት የልቡ ደም ቅዳ ተከፈተለት። ግሩንትዚግ በ1979 ባወጣው የ50 ሕመምተኞች ዘገባ ሥራው የተሳካው በ32ቱ ላይ እንደሆነ ሳይደብቅ ጽፏል። እርሱ ራሱ በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ይሁን እንጂ በፊኛ የተከፈተው ቦታ ከሦስት አንዱ ያህል በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብ ነበር። እዚህ ላይ መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀውን ስሌት ማስታወስ ይበጃል። አንዱ ቦታ ሳይበላሽ የመቆየት ዕድሉ ከሦስት ሁለት ከሆነ፣ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ሦስት ቦታዎች ሁሉም ሳይበላሹ የመቆየት ዕድላቸው ከ27 ስምንት ብቻ ነው። ይኸውም ከአሥር ሕመምተኞች ሰባቱ ያህል ቢያንስ በአንድ ቦታ እንደገና ይጠብባቸዋል ማለት ነው። ስሌቱ ሻካራ ቢሆንም፣ ለአንድ ጥበት በቂ የነበረው ፊኛ ለብዙ ጥበቶች ለምን እንዳልበቃ ያስረዳል።

መፍትሔው ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ የብረት መረብ ሆነ። በ1986 ዣክ ፑኤል በቱሉዝ፣ ኡልሪክ ሲግቫርት ደግሞ በሎዛን በራሱ የሚዘረጋ መረብ በሰው ልብ ደም ቅዳ ውስጥ አስገቡ። በስፋት የተሠራጨው ግን የአርጀንቲናዊው የሁሊዮ ፓልማዝ ንድፍ ነበር። ፓልማዝ በ1978 በኒው ኦርሊንስ የግሩንትዚግን ንግግር ሰምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ግንበኛ ልስን እንዲይዝለት የሚጠቀምበትን የብረት ወንፊት በጋራዡ ውስጥ አግኝቶ አሠራሩን መረመረ። በተሰባጠሩ ረድፎች የተሰነጠቀ ብረት ሲሳብ ስንጥቆቹ እንደ አልማዝ ቅርጽ ይከፈታሉ። ብረቱ ከመለጠጥ ወሰኑ አልፎ ስለተሳበ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም፤ ፊኛው ተሟሽሾ ሲወጣ እርሱ ደግፎ ይቀራል። ቱቦው ግትር ስለነበር በልብ ጠማማ ደም ቅዳዎች ውስጥ አላልፍ ቢል፣ ሪቻርድ ሻትዝ 7 ሚሊሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክፍሎችን በ1 ሚሊሜትር ድልድይ ማያያዝን አመጣ። በ1994 የታተመው የቤነስተንት ጥናት ተመልሶ መጥበብን ከመቶ 32 ወደ ከመቶ 22 እንዳወረደው አሳየ።

የደም መርጋትም ሌላ እንቅፋት ነበር። ሐኪሞች ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲያበዙ ሕመምተኛው ይደማ ነበር። በሚላኖ የሚሠራው አንቶኒዮ ኮሎምቦና ባልደረቦቹ በድምፅ ሞገድ ከውስጥ ሲመለከቱ ብዙዎቹ ስቴንቶች ከግድግዳው ጋር በሚገባ አለመግጠማቸውን አስተዋሉ። በ1995 ባወጡት ጽሑፍም በከፍተኛ ግፊት በሚገባ የተዘረጋ ስቴንት ቀለል ባለ መድኃኒት እንደሚበቃው አሳዩ። ከዚያ በኋላ ከራፓ ኑይ ደሴት አፈር በተገኘ ረቂቅ ሕዋስ የተሠራው ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት በብረቱ ላይ ተቀባ፤ በ1999 በሳኦ ፓውሎ በሰው ላይ ተጀመረ። የብረቱም ውፍረት ከጊዜ በኋላ ከ140 ወደ 80 ማይክሮን ገደማ ቀነሰ።

በዚህ ሁሉ መሻሻል የተደፋፈሩ ሐኪሞች ስቴንትን ከቀዶ ሕክምና ጋር ፊት ለፊት አወዳደሩት። ሲንታክስ የተባለው ጥናት 1800 ሕመምተኞችን አሰልፎ ውጤቱን በ2009 አወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ምት ወይም ድጋሚ ሕክምና የደረሰባቸው ከስቴንት ወገን ከመቶ 17.8፣ ከቀዶ ሕክምና ወገን ከመቶ 12.4 ሆኑ። የአንጎል ምት ብቻውን ሲታይ ግን በቀዶ ሕክምናው በኩል በልጦ ተገኘ፤ ከመቶ 2.2 በ0.6 አንጻር። ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚጠቅመው ጥናቱ ያቋቋመው መለኪያ ይመስለኛል። የጥበቶቹ ቦታ፣ ርዝመት፣ መንታ መንገድ ላይ መሆን አለመሆናቸውና የካልሲየሙ ብዛት ነጥብ ይሰጣቸዋል። እስከ 22 ነጥብ ያላቸው በአምስት ዓመት ክትትል በሁለቱም ሕክምናዎች ተቀራራቢ ውጤት ሲያገኙ፣ 33 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ግን በቀዶ ሕክምና በግልጽ ተጠቅመዋል። በ2012 ፍሪደም የተባለው ጥናትም የስኳር በሽታ ባለባቸው 1900 ሕመምተኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር አረጋገጠ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱት ከስቴንት ወገን ከመቶ 16.3፣ ከቀዶ ሕክምና ወገን 10.9 ነበሩ።

ምክንያቱ የፋቫሎሮ ተለዋጭ መንገድ ነው ይባላል። ስቴንት የሚጠግነው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው። ከጥበቱ በታች የተቀጠለው መንገድ ግን ዛሬ የጠበበውን ብቻ ሳይሆን በላይኛው ክፍል ነገ የሚጠበውንም ያልፋል። የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ሕመሙ በረጅሙ የተዘረጋ በመሆኑ ይህ ጥቅም ይጎላል።

ከሁሉ ይልቅ ለሙያችን የሚቀርበው የኒኮ ፓይልስና የበርናርድ ደ ብሩይነ ሥራ ነው። በራጅ ላይ ጠቦ የሚታይ ቦታ ሁሉ ፍሰትን አያውክም። እነዚህ ሐኪሞች 0.36 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ጫፍ ላይ የግፊት መለኪያ አድርገው ከጥበቱ በታች ያለውን ግፊት፣ ፍሰቱ በመድኃኒት ከፍተኛ እንዲሆን ከተደረገ በኋላ፣ በትልቁ ደም ቅዳ ካለው ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ 0.80 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ ስቴንት አይገባም። በ2009 የታተመው ፌም የተባለው ጥናት፣ በ1005 ሕመምተኞች ላይ ይህን ሥርዓት የተከተሉት በአማካይ 2.7 የነበረውን የስቴንት ቁጥር ወደ 1.9 ሲያወርዱ፣ የአንድ ዓመቱ ጉዳትም ከመቶ 18.3 ወደ 13.2 እንደቀነሰ አሳየ። የውኃ መሥመር የሚዘረጋ ሰው ቧንቧውን አይቶ ሳይሆን ግፊቱን ለክቶ እንደሚፈርድ ሁሉ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ክርክሩ አልተዘጋም። በግፊት መለኪያ የተመራ ስቴንት ሦስቱም ቅርንጫፎች በጠበቡባቸው 1500 ሕመምተኞች ላይ ከቀዶ ሕክምና ጋር ሲወዳደር፣ በ2021 በወጣው ዘገባ የአንድ ዓመቱ ጉዳት ከመቶ 10.6 በ6.9 አንጻር ሆኖ ቀዶ ሕክምናው በልጧል። ስለዚህም የልብ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ራጅ አብረው ተመልክተው ይወስናሉ፤ የስኳር በሽታ ያለበትንና ደም ቅዳዎቹ በብዙ ቦታ የተጎዱበትን ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ይመሩታል። ዕድሜው የገፋው ወይም ሳንባውና ኩላሊቱ ደክመው የደረት መከፈትን የማይችለው ግን፣ ግፊቱ እየተለካ፣ በጣም የጠበቡት ቦታዎች ብቻ ተመርጠው ስቴንት ይገባላቸዋል።