በእሮጌ የተሰለፈው የፑንጃብ ሻለቃ

መቅደላ የዘመተውን ጦር ሁላችንም «እንግሊዝ» እንለዋለን። ነገር ግን ጄኔራል ናፒየር ካስከተላቸው 13,000 ያህል ወታደሮች የሚበዙት ሕንዶች ነበሩ። ከነዚህም አንዱ፥ ሲኮች የተሰለፉበት 23ኛው የፑንጃብ ሻለቃ፥ ከጠመንጃው ጋራ ዶማና አካፋ ይዞ መንገድ የሚጠርግ እግረኛ ጦር ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም. (ዕለቱ ስቅለት ነበር) የፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎች ከፋላ ወደ እሮጌ ወረዱ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲሱን ስናይደር ታጥቀው ስለ ነበር ከሩቅ ተኰሱ። ለሕንዶቹ ግን ይህ መሣሪያ አልተሰጣቸውም፤ የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርስ የቀድሞውን ጠመንጃ ነው። ለምን እንደ ተነፈጉ አንባቢ ይገምት። ስለዚህ ፑንጃቦቹ ጓዙንና የተራራ መድፎቹን ሲከላከሉ የኛ ሰዎች ደረሱባቸው፤ ሳንጃና ጦርም ተጋጠመ። እንደ እኛ አስተያየት፥ በዚያ ቀን ጀግና ከጀግና ጋራ የተያየው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። ገብርዬም በዚያው ቀን ወደቀ።