ጣቢያው ለባቡሩ ነው ወይስ ለሰዉ?

እኛ የጨርጨር ልጆች ባቡር ስንፈልግ ቁልቁል መውረድ ዕጣችን ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የቆረቆሯት አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከተራራው ላይ ተቀምጣለች፤ ሐዲዱ ግን ቆላውን ይዞ በሚኤሶ ያልፋል። ይህ እንዲያው የዕድል ነገር ነውን? አይደለም፤ ታሪክ አለው።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራው ወጪውን አከበደው። ሐዲዱም ከሥር ቀረና በ1895 ድሬዳዋ ተወለደች። ኩባንያው ከስሮ ሥራው ቢጓተትም አዲስ አበባ በ1909 ደረሰ፤ የለገሃር ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ።

የያኔው ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ነበርና ውሃ ሳይጠጣ ሩቅ አይዘልቅም። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ተቀራርበው ተሠሩ። ባቡር ከቆመ ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ተሳፋሪ ከወረደ ሻጭ ይመጣል፤ ሻጭ ካለ ሻይ ቤቱ፣ ማደሪያው ይከተላል። በድሬዳዋ የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ጣቢያውን ተከትለው ተቀየሱ። ጣቢያ ከተማ ወለደ ማለት ይህ ነው።

አሮጌው መስመር አርጅቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ። ሁለቱ የቻይና ተቋራጮች ሥራቸውን የተካፈሉትም እዚሁ እኛው ሚኤሶ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ውሃ አይጠማውም፤ በየመንደሩ መቆምም አያሻውም። የድሬዳዋ አዲስ ጣቢያ እንኳ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ሕንፃው ሰፊ ነው፣ ያምራል፤ ግን እናቶቻችን ዕቃ ተሸክመው በምን ይድረሱበት?

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የጣቢያ ንድፍ የጣራና የዓምድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንገድ፣ የጥላ፣ የገበያ፣ የታክሲ ጉዳይም ነው። አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ይታደሱ ሲባልም ቀለም መቀባት ብቻ እድሳት አይባልም። ሰዉ ይመለስባቸው! አዲሶቹም ቢሆኑ ከከተማቸው ጋር ይገናኙ። ያለዚያ ባቡሩ ያልፋል፤ እኛም ከተራራው ላይ ሆነን ስናየው እንኖራለን።